ልብ ካላየ ዓይን አያይም፦ በጁባ ተራራ አቅራቢያ የኖረው የኤሚን ፓሻ ሕይወት

ከደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ጁባ በስተምዕራብ፣ ወደ ዬይ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ድንጋያማ ተራራ ቆሟል። ጀበል ኩጁር ይባላል። ጀበል በዐረብኛ ተራራ ማለት ነው። በሥሩ ያለው ሠፈርና ገበያም ስሙን ወርሶ ጀበል ይባላል። በተራራው ግርጌ ሴቶች ድንጋይ እየፈለጡ ለግንባታ ይሸጣሉ። በከተማዋ ሠርተው የሚያድሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ሠፈሩን ያውቁታል። አቅጣጫ የጠፋበት ሰው ቀና ብሎ ተራራውን ካየ መንገዱን አያጣም።

ከዚህ ተራራ በስተሰሜን፣ በነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ላዶ የምትባል ሥፍራ አለች። ጁባ ከተማ ከመሆኗ ከ40 ዓመታት በፊት ኢኳቶሪያ የተባለው ሰፊ ግዛት መቀመጫ ነበረች። ግዛቱን ያስተዳድር የነበረው ሰው መነጽር ካላደረገ ሩቅ ያለውን ነገር ለይቶ ማየት የማይችል ሐኪም ነበር። በኋላም ሁለቱም ዓይኖቹ በሞራ ተጋርደው መጽሐፍ ለማንበብ ገጹን ከፊቱ ጋር ሊያነካካው ምንም አይቀረውም ነበር።

ያም ሆኖ በዘመኑ በዚህ ምድር ላይ ከነበሩ ተመልካቾች ሁሉ እጅግ ጥንቁቁ እርሱ ነበር ማለት ይቻላል። የወፎችን ክንፍ በሚሊ ሜትር ለካ። ዝናቡን፣ ነፋሱንና ሙቀቱን በየዕለቱ መዘገበ። የአውሮፓ ቤተ መዘክሮች አይተዋቸው የማያውቋቸውን ፍጥረታት አሽጎ ላከ። ነገር ግን ይኸው ሰው የሚመራው ሠራዊት ከእጁ ሲወጣ በጊዜው አልደረሰበትም። አንድ ምሽትም በር መስሎት በመስኮት ወጥቶ ወደቀ።

ታሪክ ኤሚን ፓሻ ብሎ የሚያውቀው የዚህ ሰው ሕይወት ዓይን ምን እንደሚያይ ብቻ ሳይሆን አእምሮ ከሚታየው መካከል የትኛውን እንደሚመርጥ፣ የቀረውስ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሲሌዥያ እስከ ካርቱም

የትውልድ ስሙ ኤድዋርድ ሽኒትሰር ነው። መጋቢት 28 ቀን 1840 በፕሩሲያ ግዛት፣ በሲሌዥያ፣ ኦፔልን በተባለች ከተማ ከአይሁዳዊ ነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ። ከተማዋ ዛሬ ኦፖሌ ተብላ በፖላንድ ውስጥ ትገኛለች። ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ሞተ። እናቱ ክርስቲያን አግብታ ልጆቿም ተጠመቁ። ኤድዋርድ ያደገው ናይሰ በተባለች ከተማ ነው።

ሕክምናን በብሬስላው፣ በኮኒግስበርግና በበርሊን ዩኒቨርሲቲዎች ተማረ። ኮኒግስበርግ በዓይን ሕክምና ታሪክ ልዩ ሥፍራ አላት። ከኤሚን የተማሪነት ዘመን ዐሥር ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የፊዚዮሎጂ መምህሩ ኼርማን ፎን ኼልምሆልትስ በሕይወት ያለ ሰው የዓይን ውስጠኛ ክፍል የሚታይበትን መሣሪያ የሠራው በዚያች ከተማ ነበር። ያው ሊቅ ከጊዜ በኋላ ሌላ ድንቅ ነገር አሳየ። በጨለማ ክፍል ውስጥ ዓይኑን አንድ ነጥብ ላይ ተክሎ፣ ትኩረቱን ግን ወደ ሌላ ጎን አዞረ። ፊደላት የተጻፉበት ሰሌዳ በቅጽበታዊ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሲበራ፣ ለይቶ ያያቸው ትኩረቱ ባረፈበት ጎን ያሉትን ፊደላት ነበር። ዓይን አልተንቀሳቀሰም፤ የተንቀሳቀሰው ልብ ነው። አማርኛ ትኩረት መስጠትን ልብ ማለት ብሎ ሲጠራ የያዘው ሐሳብም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ሽኒትሰር ትምህርቱን በ1864 ቢጨርስም በአገሩ በሐኪምነት ለመሥራት የሚያበቃውን ፈቃድ አላገኘም። ስለዚህ ወደ ኦቶማን ግዛት ተጓዘ። በአድሪያቲክ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው አንቲቫሪ፣ ዛሬ በሞንቴኔግሮ ውስጥ ባለችው ባር፣ የኳራንቲን ሐኪም ሆነ። ቱርክኛ፣ ዐረብኛና ሌሎች በርካታ ቋንቋዎችን አጠና። ከዚያም ኢስማኢል ሐቂ የተባለ የኦቶማን ሹም አገልጋይ ሆነ። ሹሙ በ1873 ሲሞት ባለቤቱንና ልጆቿን ይዞ ወደ ናይሰ ተመለሰ። በ1875 ግን ለማንም ሳይናገር ቤተሰቡን ጥሎ ጠፋ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ካርቱም ሲደርስ ስሙ መሐመድ ኤሚን ሆኗል።

በካርቱም ሰዎችን እያከመ ዕፅዋትና እንስሳት መሰብሰብ ጀመረ። የኢኳቶሪያ ገዢ የነበረው እንግሊዛዊው ቻርልስ ጎርደን ስለ እርሱ ሰምቶ የግዛቱ ዋና ሐኪም አደረገው። ኤሚን በ1876 ላዶ ደረሰ። ጎርደን ወደ ቡጋንዳው ንጉሥ ሙቴሳና ወደ ቡንዮሮው ንጉሥ ካባሌጋ መልእክተኛ አድርጎ ላከው። በ1878 ደግሞ ኤሚን ራሱ የግዛቱ ገዢ ተባለ። ዕድሜው 38 ነበር።

ከዓይን አጠገብ ያለ ዓለም

ላዶ ሙቀትና ወባ የበረታባት፣ በወንዝ ዳር የተቆረቆረች የጭቃና የሣር ቤቶች ከተማ ነበረች። ገዢው ጠዋት በሽተኛ ያያል፤ ሲረፍድ ይዳኛል፤ ደብዳቤ ይጽፋል። ከዚያ በተረፈው ሰዓት ሁሉ ወፍ ይገፍፋል፣ ይለካል፣ ይመዘግባል። በጀርመን ብሬመን የሚኖረው የወፎች ተመራማሪ ጉስታፍ ሃርትላውብ ከኤሚን የተላኩለትን ናሙናዎች እያጠና አዳዲስ ዝርያዎችን ለዓለም አስተዋወቀ። አንዷ ቡናማ ቀለም ያላት ትንሽ ድንቢጥ ነች። በሳይንሳዊ ስሟ ፓሰር ኤሚኒቤይ ትባላለች፤ የኤሚን ቤይ ድንቢጥ ማለት ነው። ዛሬም ከደቡብ ሱዳን ሌላ በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ትገኛለች።

ሩቁን ማየት የተሳነው ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ተመልካች ሊሆን ቻለ? መልሱ ከፊሉ በራሱ በዓይኑ ውስጥ ነው። ጤናማ ዓይን ያለው ጎልማሳ አንድን ነገር በዝርዝር ለማየት ብዙውን ጊዜ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ያርቀዋል። ቅርቡን ብቻ የሚያይ ሰው ግን ያንኑ ነገር 5 ሴንቲ ሜትር ድረስ አቅርቦ ጥርት አድርጎ ሊያየው ይችላል። ያኔ በዓይን ውስጥ የሚያርፈው ምስል አምስት እጥፍ ያህል ይገዝፋል። እንዲህ ያለው ዓይን ለሩቅ ተራራ ጉም፣ ለወፍ ላባ ግን አጉሊ መነጽር ነው።

ቀሪው መልስ ትኩረት ነው። ማንም ሰው ቢሆን ፊቱ ያለውን ዓለም በአንድ ጊዜ በጥራት አያይም። ከዓይን ጥልፍ፣ ማለትም ከሬቲና፣ ጥርት ያለ ምስል የሚሰጠው ከመሐሉ ያለው ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። ይህ ክፍል በአንድ ጊዜ የሚሸፍነው ስፋት ክንድን ዘርግቶ የሚያዩት አውራ ጣት ጥፍር ያህል ነው። ቀሪው ዕይታ የደበዘዘ ነው። ዓይን በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ እየዘለለ ቁርጥራጭ ይለቅማል፤ አእምሮ ደግሞ ቁርጥራጩን ከሚያውቀውና ከሚጠብቀው ጋር ሰፍቶ ሙሉ ሥዕል ያደርገዋል። ሰው ሁሉን ያየ የሚመስለው ስፌቱ ስለማይታየው ነው።

ስለዚህ የት መመልከት እንዳለበት የሚያውቅ ደካማ ዓይን፣ ምን እንደሚፈልግ ከማያውቅ ብርቱ ዓይን የበለጠ ሊያይ ይችላል። ኤሚን በወፍ ላይ ምን መፈለግ እንዳለበት ያውቅ ነበር፦ የምንቃር ርዝመት፣ የእግር ቀለም፣ የላባ ብዛት፣ የተያዘችበት ቀንና ሥፍራ። እነዚህን ሲመዘግብ ሌላው ሁሉ ከዙሪያው ይጠፋ ነበር።

ያው ምድር፣ ሌላ ዓይን

በላዶ ዙሪያ የሚኖሩት የባሪ ሰዎች ዓይናቸው የሠለጠነው በሌላ ነገር ነው። ባሪዎችም ሆኑ ጎረቤቶቻቸው ሙንዳሪዎች ከብት አርቢዎች ናቸው። በዚህ አገር አርቢዎች ዘንድ አንድ በሬ በሬ ብቻ አይደለም። የቆዳው ቀለም፣ የነጠብጣቡ አቀማመጥና የቀንዱ አቅጣጫ እያንዳንዳቸው ስም አላቸው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሰሜን ያሉትን ዲንካዎች ያጠናው እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ጎድፍሬይ ሊንሃርት፣ ዲንካዎች ብርሃንን፣ ቀለምንና ቅርፅን የሚያዩበት መንገድ ከከብቶቻቸው መልክ ጋር የማይነጣጠል መሆኑን ጽፏል። አንድ እንግዳ ነጭና ጥቁር ላም ብቻ በሚያይበት በረት፣ እረኛው በስም የሚለያቸውን ብዙ መልኮች ያያል። የሁለቱ ዓይን በአሠራሩ አንድ ነው። ልዩነቱ ከልጅነት ጀምሮ ልብ እንዲሉ የተማሩት ነገር ነው።

ከብቱ ግን በኤሚን ዘመን የባሪዎች መከራም ነበር። ካርቱም ደመወዝና ስንቅ በወቅቱ አትልክም። የጦር ሠፈሮቹ ወታደሮች ቀለባቸውን የሚያገኙት ከመንደሮች እህልና ከብት በመንጠቅ ነበር። ገዢው የባሪያ ንግድን ለማጥፋት ጥሯል፤ ጭካኔ የሚፈጽሙ ሹሞችንም ቀጥቷል። ይሁን እንጂ የገዛ ሠራዊቱ በዙሪያው ባለው ሕዝብ ላይ የጫነውን ሸክም አላነሳውም። የወፎቹን ክንፍ በሚሊ ሜትር በሚያውቅ ገዢ ሥር፣ ከከብቱ የተነጠለ ሕዝብ ቂም እያደር ይከማች ነበር።

በላዶ የኤሚን የቤት ሕይወት ከኢትዮጵያ ጋር የተሳሰረ ነበር። ባለቤቱ ሳፋራን የምትባል ሐበሻ ነበረች። በ1884 ፈሪዳ የተባለች ሴት ልጅ ወለደችለት። ሳፋራን ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ኤሚን ልጁን በሄደበት ሁሉ ይዟት ዞረ።

አንድ መንገድ ብቻ

በ1881 በሱዳን የማሕዲ አብዮት ተነሣ። በ1883 የመጨረሻዋ የእንፋሎት መርከብ ከላዶ ወደ ካርቱም ከተመለሰች በኋላ ሌላ አልመጣችም። በቀጣዩ ዓመት የጎረቤቱ የባሕር አል ገዛል ግዛት ገዢ ለማሕዲስቶች እጁን ሰጠ፤ ኤሚንም እንዲገብር ደብዳቤ መጣለት። ጥር 26 ቀን 1885 ካርቱም ወደቀች፣ ጎርደንም ተገደለ። ኤሚን ላዶን ለጦር ሠፈር ትቶ ወደ ደቡብ፣ አልበርት ሐይቅ አጠገብ ወዳለችው ዋዴላይ ተዛወረ።

የካይሮ መንግሥት ግዛቱን እንደተወው የሚገልጸው ደብዳቤ የደረሰው በ1886 መጀመሪያ ነው፤ የመጣውም በዓባይ ሳይሆን ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ በኩል ነበር። ኤሚን ይህን ለወታደሮቹ ሲነግር ብዙዎቹ አላመኑትም።

አለማመናቸው ከሞኝነት የመጣ አልነበረም። በሕይወታቸው ሙሉ ወደ ግብፅ የሚያውቁት መንገድ አንድ ነው፦ በዓባይ ወደ ካርቱም፣ ከካርቱም ወደ ሰሜን። ከመንግሥታቸው የሚመጣ ደብዳቤ፣ ደመወዝም ሆነ ትእዛዝ በዚያ መንገድ ብቻ መጥቷል። አሁን ገዢያቸው ካርቱም ጠፍታለች፣ ወደ ግብፅ የሚኬደውም በምሥራቅ ነው ሲላቸው፣ ደብዳቤው የሐሰት መሰላቸው። ገዢው ወደማያውቁት አገር ወስዶ ሊሸጣቸው ነው ብለው የሚያወሩም ነበሩ።

የዘመኑ የአእምሮ ሳይንስ ይህን ያብራራል። አእምሮ ከስሜት ሕዋሳት የሚመጣለትን መልእክት ባዶ ሆኖ አይቀበልም። ምን ሊመጣ እንደሚችል አስቀድሞ ይገምታል፤ የመጣውንም በግምቱ ይመዝናል። ግምቱ ለዓመታት ሲረጋገጥ የኖረ ከሆነ፣ የሚያፈርሰው ማስረጃ እንደ ማስረጃ ሳይሆን እንደ ተንኮል ይታያል። ወታደሮቹ ደብዳቤውን አይተዋል። ያዩት ግን የሚጠብቁትን ዓለም ይዘው ነው።

ኤሚንም በበኩሉ የራሱ ግምት ነበረው። በሰሜን ያለው የመጀመሪያው ሻለቃ ለትእዛዙ እንደማይገዛ ያውቃል። ግን ሰዎቹ በጭንቅ ቀን ይከተሉኛል የሚል እምነቱን አልጣለም። በእነዚያ የከበባ ዓመታት የጻፋቸው ደብዳቤዎች በወፎች፣ በዕፅዋትና በቋንቋዎች የተሞሉ ናቸው። ትኩረቱ ከጭንቀት የሚሸሸግበት መጠለያም ሆኖለት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መጠለያ ግድግዳ አለው፤ ግድግዳም ይጋርዳል።

ስታንሊ የጠበቀው ሰው

በአውሮፓ ጋዜጦች ኤሚን በአፍሪካ መሐል የተከበበ ጀግና ተብሎ ስሙ ገነነ። በ1887 ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ የሚመራው ነፍስ አድን ጉዞ በኮንጎ ወንዝ በኩል ተነሣ። የኢቱሪን ጫካ ሲያቋርጥ ብዙ ሰው በረሃብና በበሽታ አለቀ። ሚያዝያ 29 ቀን 1888 በአልበርት ሐይቅ ዳር ሁለቱ ሰዎች ተገናኙ።

ስታንሊ የጠበቀው ረጅም፣ ወታደራዊ ቁመና ያለው ሰው ነበር። ከካይሮ የተላከለት ልብስም ለረጅም ሰው የተሰፋ ነበርና እጅግ በዝቶ ማሳጠር ግድ ሆነ። ከፊቱ የቆመው ግን ነጭ ልብሱ የጠራ፣ መነጽር ያደረገ፣ አጭር ቀጭን ሰው ነው። ይባስ ብሎ ሊታደጉት የመጡት ተርበውና ተራቁተው ስለነበር፣ እህልና ጨርቅ የሰጠው የሚታደገው ኤሚን ሆነ።

ስታንሊ የኤሚንን ዓይን ነገር በጽሑፉ አሥፍሯል። ኤሚን ለማንበብ መጽሐፉን አምስት ሴንቲ ሜትር እስኪቀረው ድረስ ወደ ዓይኑ ያስጠጋ ነበር። ሁለቱም ዓይኖቹ በሞራ እየተሸፈኑ ነበር። የዓይን ሞራ ብርሃን የሚያሳልፈው ጥርት ያለ ሌንስ እየደፈረሰ ሲሄድ የሚመጣ በሽታ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳውም የጥላና የብርሃን ልዩነትን የመለየት ችሎታን ነው።

በነሐሴ 1888 የተፈራው ደረሰ። ወታደሮቹ በዱፊሌ ጦር ሠፈር አምፀው ኤሚንንና የስታንሊን መኮንን አርተር ጄፍሰንን አሰሩ። ብዙም ሳይቆይ ማሕዲስቶች በወንዙ መጥተው ዛሬ ከጁባ በስተደቡብ ያለችውን ረጃፍን ያዙ። በድንጋጤው መካከል ኤሚን ከእስር ተለቀቀ፤ ሥልጣኑ ግን አልተመለሰለትም። በሚያዝያ 1889 ከስታንሊ ጋር ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ጉዞ ሲጀመር የተከተሉት ጥቂቶች ናቸው። የቀሩት ወታደሮች ከነቤተሰቦቻቸው በተተወ ግዛት ውስጥ ቀሩ።

ኤሚን ዓመፁን በዓይኑ ድካም የተነሣ ሳያየው ቀረ ማለት ታሪኩን ማቃለል ይሆናል። ስንቅ የቆረጠችው ካይሮ፣ ወንዙን የዘጋው ጦርነት፣ በጭቆና የቆሰለው ሕዝብ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ሆኖም ያልታየው ነገር የተደበቀ አልነበረም።

በ1999 ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ሻብሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች ያደረጉት ሙከራ ይህን ለመረዳት ያግዛል። ተመልካቾች በቪዲዮ የሚታዩ ተጫዋቾች ኳስ ስንት ጊዜ እንደሚቀባበሉ እንዲቆጥሩ ተነገራቸው። በመሐሉ የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው በተጫዋቾቹ መካከል አልፎ ደረቱን መትቶ ሄደ። ከተመልካቾቹ ግማሽ ያህሉ አላዩትም። በ2013 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በሳንባ ምስሎች ላይ ዕጢ እንዲፈልጉ ከተጠየቁ 24 የራዲዮሎጂ ሐኪሞች 20ዎቹ እዚያው ምስል ላይ የተለጠፈውን ትንሽ ጎሪላ ሳያዩ አልፈዋል። ብዙዎቹ ዓይናቸው በቀጥታ አርፎበት ነበር። ትኩረት እንደ ፋኖስ ነው፤ አንዱን ሥፍራ ባበራ መጠን ሌላው ይጨልማል። ባለሙያ መሆንም ከዚህ አያድንም።

የባጋሞዮ መስኮት

ታኅሣሥ 4 ቀን 1889 ተጓዦቹ ዛሬ በታንዛኒያ ወደምትገኘው የባጋሞዮ ወደብ ገቡ። በዚያው ምሽት ጀርመናውያን ለስታንሊና ለኤሚን ታላቅ ግብዣ አደረጉ። መብራት፣ ሙዚቃና የደስታ ንግግር ነበር። ኤሚን ከዓመታት በኋላ የአገሩን ሰዎች አግኝቶ ተደስቶ ነበር።

ከፎቁ አዳራሽ ወደ አንድ ክፍል ገባ። ዝቅ ብሎ የተሠራ መስኮት ፊቱ ነበር። ሞራ የጋረደው ዓይን የደበዘዘ ክፍት ነገር ብቻ አሳየው፤ አእምሮው ክፍተቱን ወደ ሰገነት የሚያወጣ በር አድርጎ ሞላው። ተራምዶ ወጣ፣ ከፎቁም ወደ መንገድ ወደቀ። ጭንቅላቱ ክፉኛ ተጎዳ። የስታንሊ ጉዞ ሐኪም ቶማስ ፓርክም አብሮት ሆኖ አከመው። ሆስፒታል የቆየው ሁለት ወር ገደማ ነው። ስታንሊ ሳይጠብቀው ወደ ካይሮ ሄደ።

ሐኪሙ ራሱ ሆስፒታል በተኛበት በዚያ ክረምት በአሜሪካ ዊልያም ጄምስ የሥነ ልቦና መርሆዎች የተባለውን መጽሐፉን ወደ ማጠናቀቁ ተቃርቦ ነበር፤ መጽሐፉ በ1890 ታተመ። ስለ ትኩረት በጻፈው ምዕራፍ፣ አንዱን ነገር በአእምሮ መያዝ ሌሎችን መተው እንደሆነ አስረድቷል። የኤሚን ሕይወት የዚህ ሐሳብ ሥጋ ለባሽ ምሳሌ ይመስላል።

የመጨረሻው ጠረጴዛ

ኤሚን ካገገመ በኋላ ወደ አውሮፓ አልተመለሰም። ልጁ ፈሪዳ ግን ወደ ጀርመን ተልካ እኅቱ ሜላኒ አሳደገቻት። እርሱ በ1890 በጀርመን አገልግሎት እንደገና ወደ መሐል አገር ዘመተ። በዚያው ዓመት በቪክቶሪያ ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ የቡኮባን ሠፈር መሠረተ። ከዚያም ሹማምንቱ ካዘዙት ርቆ ወደ ምዕራብ ገፋ።

በ1891 መጨረሻ ፈንጣጣ ጉዞውን መታው። ኤሚን ጤነኞቹን ለረዳቱ ፍራንስ ሽቱልማን አስረክቦ ላካቸውና እርሱ ከበሽተኞቹ ጋር ቀረ። ያኔ ሊታወር ምንም አልቀረውም። ብዙ ነገር ሳያይ ያለፈው ሐኪም፣ የታመሙትን ሰዎች ግን ጥሎ አልሄደም።

በ1892 ከተረፉት ጋር ወደ ኮንጎ ወንዝ ተጓዘ። ሥፍራው የባሪያ ነጋዴዎች አገር ነበር፤ በዓመታት ሥራው ጠላት አፍርቶባቸዋል። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር፣ ኪኔና በተባለ መንደር፣ በአንድ የአካባቢው ገዢ ትእዛዝ ተገደለ። ዕድሜው 52 ነበር።

ስለ መጨረሻው ሰዓት የሚታወቀው ከገዳዮቹ መካከል ተይዘው የተመረመሩ ሰዎች ከሰጡት ቃል ነው። በዚህ ቃል መሠረት ኤሚን በቤቱ በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ይዞ ተቀምጦ ነበር። ፊቱ በጉዞ የሰበሰባቸው ወፎችና ነፍሳት ተደርድረዋል። እርሱም ይጽፍ ነበር። ጠመንጃ የያዙት ጠባቂዎቹ በተንኮል ተሸንግለው ከሠፈሩ ርቀዋል። ሰዎቹ ከኋላው ቆመው እጆቹን እስኪይዙ ድረስ ምን እንደመጣበት አላወቀም።

በስሙ የቀሩት

ላዶ ዛሬ ትንሽ መንደር ናት። ጁባ በ1920ዎቹ መጨረሻ ተቆርቁራ አድጋ ተራራውን ከአንድ ጎን አቅፋዋለች። የጀርመን ምሁራን የኤሚንን ማስታወሻዎች አሰባስበው ከሞቱ በኋላ በየጥራዙ አሳትመዋል። የሰበሰባቸው ናሙናዎች ዛሬም በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች መሳቢያዎች ውስጥ አሉ።

በስሙ ከተጠሩት እንስሳት መካከል አንዱ በመካከለኛው አፍሪካ ደኖች የሚኖር ግዙፍ አይጥ ነው። ምግቡን በጉንጩ ከረጢት ያጠራቅማል፤ ሳይንሳዊ ስሙ ክሪሴቶሚስ ኤሚኒ ይባላል። ይህ አይጥና የቅርብ ዘመዶቹ ዓይናቸው ደካማ፣ አፍንጫቸው ግን እጅግ ስል ነው። በታንዛኒያ ሞሮጎሮ ከተማ የሚገኙ አሠልጣኞች ከዘመዶቹ አንዱን ዝርያ የተቀበረ ፈንጂ በሽታ እንዲያገኝ ያሠለጥኑታል። በሞዛምቢክና በአንጎላ ገበሬዎች ከነፈንጂው የተዉት መሬት በእነዚህ አይጦች ጭምር ተፈትሾ ጸድቷል።

አይጡ ሥራው ላይ የሚሰማራው ብቻውን አይደለም። ገመዱን የያዙ ሁለት ሰዎች በግራና በቀኝ ቆመው እርሱ የማያየውን ያዩለታል። በላዶ ያለው ገዢ ግን እርሱ ወደ ጠረጴዛው ሲያጎነብስ ቀና ብሎ ወንዙንና ሰዉን የሚያይለት፣ ያየውንም ነግሮ የሚታመን ሰው ከጎኑ አልነበረም።